ከሰርኩላር ጋር የሚመጣው ማይተር ጌጅ፦ ይጣላል ወይስ ይስተካከላል?

ባለ254 ሚሊ ሜትር ዲስክ የጠረጴዛ ሰርኩላር ገዝቶ ካርቶኑን የከፈተ ሰው ከዲስኩና ከቁልፎቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ዕቃ ያገኛል። ግማሽ ክብ ራስ፣ ጠርዙ ላይ የዲግሪ መስመር፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ዘንግ፣ ከላዩ የፕላስቲክ ማጥበቂያ እጀታ። ማይተር ጌጅ ይኸው ነው። ዘንጉ በጠረጴዛው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱ የጌጁን ፊት ተደግፎ ወደ ዲስኩ ይገፋል፣ በዘጠና ወይም በአርባ አምስት ዲግሪ ይቆረጣል። በብዙ እንጨት ቤት ግን አንድ ሁለቴ ይሞከርና "ይሄ ስኳድራ አይቆርጥም" (ልክ ዘጠና ዲግሪ አይቆርጥም ማለት ነው) ተብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። አይቆርጥም መባሉ ልክ ነው፣ መጣሉ ግን ስህተት ነው። ከካርቶን እንደወጣ የዲግሪ ሰሌዳውን አምኖ የሠራ ሰው የቁምሳጥን በር መግጠም አይችልም። የዕቃው ጉድለት ግን በሦስት ነገር ያበቃል፤ ዘንጉ በቦዩ ውስጥ ይላወሳል፣ የጌጁ ራስ አጭር ነው፣ ራሱን በተፈለገው ማዕዘን ላይ የሚያስቆሙት ማቆሚያ ቪቶችም በደንብ ተስተካክለው አይመጡም። ሦስቱም ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ይስተካከላሉ። ከዚያ በኋላ በዘጠና ዲግሪ ቆረጣ ከውድ የውጭ ጌጅ ጋር ያለው ልዩነት በዓይን የሚለይ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ማዕዘን በየጊዜው በሚቀያየርበት ሥራ ላይ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ማሽኑን ገና የምትገዙ ከሆነ ጌጁን ሱቁ ውስጥ እንዳለ አስወጥታችሁ እዩት። ራሱ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ማስተካከሉ ድካም ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የብረት ማስመሪያ አቁሙና ወደ ብርሃን አዙሩት፤ መሐል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ፊቱ ጠማማ ነው። ፊቱ ላይ ጣውላ የሚታሰርባቸው ሁለት ቀዳዳዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። እጀታውን አጥብቁና ራሱን በጉልበት ለማዞር ሞክሩ፤ ጠብቆም የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ካርቶን ይከፈት በሉ። በመጨረሻ ቦዩን በካሊፐር ለኩ። መደበኛው ቦይ 19 ሚሜ ስፋትና 9.5 ሚሜ ጥልቀት አለው። ከዚህ የተለየ ቦይ ያለው ማሽን ነገ የተሻለ ጌጅ ልግዛ ብትሉ ከገበያው ያስወጣችኋል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ወደ ማስተካከሉ ስንገባ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ስኳድራ (የዘጠና ዲግሪ መለኪያ) ያነሳል፣ አንዱን ጎን ዲስኩ ላይ፣ ሌላውን የጌጁ ፊት ላይ ያስደግፋል፣ ብርሃን እስኪጠፋ ያስተካክላል፣ ያጠብቃል። እንጨቱ ግን የሚሄደው በዲስኩ አቅጣጫ ሳይሆን በቦዩ አቅጣጫ ነው። ጌጁ ዘጠና መሆን ያለበት ከቦዩ ጋር ነው። ዲስኩ ከቦዩ ጋር ትይዩ ካልሆነ በዲስኩ ላይ የተለካ ዘጠና ዘጠና አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩ ከቦዩ ጋር ይታረቅ።

ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ዲስኩን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጉና አንዱን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ጌጁ ላይ ቁራጭ ጣውላ እሰሩ፣ ጣውላው ጫፍ ላይ አንድ ቪቴ አስገቡና የቪቴው ራስ ምልክት ያለበትን ጥርስ ከፊት በኩል ለትንሽ እንዲነካው አድርጉ። ከዚያ ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱት፣ ጌጁንም ወደፊት ገፍታችሁ ቪቴውን እዚያ ጥርስ ጋር አገናኙት። ያንኑ አንድ ጥርስ መጠቀም የግድ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ከተለኩ የዲስኩ መወላገድ ከማሽኑ ስህተት ጋር ይደባለቃል። ከፊትና ከኋላ ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሜ በታች ከሆነ ተዉት። አንድ የኤ4 ወረቀት 0.1 ሚሜ ያህል ስለሆነ ሌላ መለኪያ ባይኖር እንኳ ወረቀቱ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሞተሩንና ዲስኩን ከጠረጴዛው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ፈልጉ፤ በትናንሽ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። ሦስቱን ብቻ አላልታችሁ አንዱን እንደጠበቀ ተዉት፤ እሱ መዞሪያ ይሆናል። በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ መትታችሁ ለኩ፣ ከዚያ አጥብቁ፣ ከጠበቀ በኋላም ደግማችሁ ለኩ፤ ቡሎን ሲጠብቅ ይጎትታል። ትይዩ ያልሆነ ዲስክ የሚታወቀው በተቆረጠው ፊት ላይ በሚተወው ተሻጋሪ የቅስት ጭረትና በሚያቃጥለው ጥቁር ምልክት ነው፤ የኋላው ጥርስ የተቆረጠውን እየደገመ ስለሚፍቀው ነው። እግረ መንገዳችሁንም ዲስኩ ከጠረጴዛው ጋር ዘጠና መቆሙን እዩ፤ ስኳድራው የዲስኩን ገላ እንጂ የጥርሱን ጫፍ አይንካ።

ቀጥሎ የዘንጉ መላወስ ነው። የዚህ ዕቃ ትልቁ ነቀፌታ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ቦዩ 19 ሚሜ ሆኖ ዘንጉ 18.8 ቢሆን የ0.2 ሚሜ ክፍተት አለ። ቦዩ ውስጥ ያለው የዘንጉ ርዝመት 300 ሚሜ ነው ብንል፣ ዘንጉ በየሜትሩ 0.67 ሚሜ ያህል ሊያጋድል ይችላል ማለት ነው። ይህ ወደፊት ከምናርመው የማዕዘን ስህተት የሚበልጥ ነው። መላወሱን ሳይዘጉ ማዕዘን ማስተካከል እንጨቱ በተገፋ ቁጥር ሌላ ማዕዘን ማግኘት ነው፤ ጌጁ "ዛሬ ይቆርጣል፣ ነገ አይቆርጥም" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቡሊኖ (ብረት ላይ ነጥብ የሚመታበት ሹል ብረት) እና መዶሻ ነው። ዘንጉን ጠንካራ ብረት ላይ በጎኑ አቁሙና በየ40 ሚሜው በአንድ ጎኑ ጠርዝ ላይ በቡሊኖ ምቱት፤ እያንዳንዱ ምት በዙሪያው ትንሽ ጉብታ ያወጣል። ቦዩ ውስጥ ሞክሩት። አሁን አይገባም ወይም ይነክሳል፤ ትክክል ነው። ጉብታዎቹን በጥሩ ሞረድ እየነኩ አንሱ፣ እየሞከሩ፣ ዘንጉ በሁለት ጣት ተገፍቶ ሳይንገጫገጭ እስኪሄድ ድረስ። ሁሉንም ምት በአንድ ጎን ማድረግ ይሻላል፤ ሌላኛው ጎን ንጹሕ ሆኖ የቦዩን ግድግዳ ይደገፋል። የአሉሚኒየም ዘንግ በቀላሉ ስለሚጎብጥ ምቱ ቀለል ይበል። መምታት የማይፈልግ ሰው በዘንጉ ጎን ላይ ስስ የአሉሚኒየም ቴፕ መለጠፍ ይችላል፤ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይላጣል። ዘንጉ ከ18.5 በታች ከሆነ ግን ቡሊኖም ቴፕም አያድነውም። ያኔ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ሄዳችሁ 20 በ10 ሚሜ ጠፍጣፋ ብረት በፍሬዛ (ብረት በሚልግ ማሽን) ወደ ቦያችሁ ልክ አስወርዳችሁ የጌጁን ራስ ወደዚያ ማዘዋወር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለእንዲህ ያለ ሥራ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ስትሄዱ ግን የቦዩን ስፋት በወረቀት ጽፋችሁ ብቻ አትሂዱ፤ አሮጌውን ዘንግና ካሊፐሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ጉድለት የጌጁ ራስ ማጠር ነው። ፊቱ ወደ 150 ሚሜ ነው፤ በዚህ ላይ 600 ሚሜ ጣውላ ቀጥ አድርጎ መያዝ ጉልበት ይጠይቃል፣ ያም ቢሆን ይንሸራተታል። መደገፊያ ጣውላ ይታሰርበት፤ 18 ሚሜ ኮምፔርሳቶ፣ ርዝመቱ ከ500 እስከ 600፣ ቁመቱ 75 ሚሜ። ወጥ የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ጣውላ አትጠቀሙ፤ ክረምት ሲገባ ይቆለመማል፣ ከእሱ ጋር ማዕዘናችሁም ይሄዳል። ጣውላው በጌጁ ራስ ቀዳዳዎች በኩል በኤም6 ቡሎን ይታሰር፣ የቡሎኑ ራስ በጣውላው ፊት ውስጥ ጠልቆ ይግባ። አንዱ ጫፍ ዲስኩን አልፎ ይውጣ፤ በመጀመሪያው ቆረጣ ዲስኩ ራሱ ያሳጥረዋል፣ ከዚያ በኋላ የጣውላው ጫፍ ዲስኩ የሚያልፍበትን ቦታ በትክክል ያሳያል፣ የእንጨቱም ጀርባ ሳይበጣጠስ ይወጣል። ፊቱ ላይ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በኮላ ለጥፉ። የታችኛውን የፊት ጠርዝ ደግሞ በትንሹ በሰያፍ ቁረጡት፤ ሰጋቱራ እዚያ ውስጥ ይገባል እንጂ በእንጨቱና በመደገፊያው መሐል አይሰካም። አንዲት ፍቅፋቂ መሐል ገብታ ከዚህ ሁሉ ማስተካከል የበለጠ ስህተት ትሠራለች።

አሁን ማዕዘኑ። ስኳድራ ለመነሻ ይበቃል፤ ግን መጀመሪያ ስኳድራው ራሱ ይፈተን። ጠርዙ ቀጥ ባለ ሰሌዳ ላይ አስደግፉና መስመር አስምሩ፣ ገልብጡትና በዚያው ነጥብ ሁለተኛ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ጫፍ ላይ ከተለያዩ ክፍተቱ የስኳድራው ስህተት እጥፍ ነው። በገበያ ያለው ርካሽ ስኳድራ በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ስኳድራ ሳይሆን የአምስት ቆረጣ ፈተና ይሁን። ይህ ፈተና ስህተቱን በአራት አባዝቶ ስለሚያሳይ በተራ ካሊፐር ይነበባል።

320 በ320 ሚሜ የሆነ 12 ሚሜ ኤምዲኤፍ ውሰዱ። ሰፋ ያለ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ግን በትንንሽ ሰርኩላሮች ላይ ከዲስኩ ፊት ያለው ጠረጴዛ አጭር ስለሆነ ትልቅ ሰሌዳ ዘንጉን ከቦዩ ያስወጣዋል። ጌጁ በግራ ቦይ ውስጥ ይሁን። የርዝመት መሰንጠቂያውን ፌንስ (እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ የሚደገፍበትን) ሙሉ በሙሉ አውጡት። የሰሌዳውን ጎኖች ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጡ። ጎን 1ን ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሰሌዳውን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት፤ አሁን የተቆረጠው ጎን መደገፊያው ላይ ያርፋል። ጎን 2ን ቁረጡ፣ አዙሩ፣ 3ን፣ አዙሩ፣ 4ን። ሁልጊዜ አዲስ የተቆረጠው ጎን ነው መደገፊያው ላይ የሚያርፈው፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ፈተናው በሙሉ ይበላሻል። ጎን 4 ተቆርጦ ከዞረ በኋላ ጎን 1 እንደገና ዲስኩ ጋ ይመጣል። አምስተኛው ቆረጣ እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ግን ወደ 25 ሚሜ ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ይውጣ። ዲስኩ እስኪቆም ድረስ ቁራጩን አትንኩት። ከዚያ ዲስኩን ቀድሞ ያገኘውን ጫፍ "ሀ"፣ መደገፊያው ጋ የነበረውን ጫፍ "ለ" ብላችሁ ጻፉበት።

ሁለቱን ጫፎች በካሊፐር ለኩ። ለምሳሌ ሀ 25.48፣ ለ 25.00 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 0.48 ነው። በ4 ሲካፈል 0.12 ይሆናል፤ ይህ በአንድ ቆረጣ በቁራጩ ርዝመት ላይ ያለ ስህተት ነው። የቁራጩ ርዝመት 300 ሚሜ ስለሆነ 0.12 ለ300 ሲካፈል 0.0004 ነው፣ ማለትም በሜትር 0.4 ሚሜ። በዲግሪ ከ0.02 ትንሽ በለጥ ይላል። 600 ሚሜ ስፋት ባለው የካቢኔት በር ላይ 0.24 ሚሜ ማለት ነው። ለበር ይህ ይበቃል የሚል ይኖራል፤ ለአንድ በር ልክ ነው። አራት መሳቢያ በተደራረበበት ብፌ ላይ ግን ስህተቱ እየተደመረ መጥቶ የመሳቢያው ፊት ጎን ለጎን ሲታይ ይታወቃል።

አቅጣጫውን አትርሱ። ሀ ከበለጠ ከዲስኩ የራቀው የመደገፊያው ጫፍ ወደፊት አልፏል ማለት ነው፤ ወደ ራሳችሁ ይጎተት። ለ ከበለጠ ወደፊት ይገፋ። ጌጁን በቀኝ ቦይ ለሚጠቀሙም ሕጉ ያው ነው፤ የሚለወጠው ሰሌዳው የሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ምን ያህል ይነቅነቅ? ከመዞሪያው ቡሎን እስከ ማስተካከያው ነጥብ ያለውን ርቀት በስህተቱ አባዙ። 250 ሚሜ ርቆ ከሆነ 250 ሲባዛ 0.0004፣ 0.10 ሚሜ። እዚህ ላይ የጌጁን ማቆሚያ ቪቴ እያዞሩ ለማረም መሞከር ለምን እንደማይሳካ ይታያል። ቪቴው ከመዞሪያው 50 ሚሜ ያህል ቢርቅ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ 0.02 ሚሜ ነው። የኤም5 ቪቴ አንድ ሙሉ ዙር 0.8 ሚሜ ይሄዳል፤ 0.02 ለማግኘት የዙሩን አርባኛ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ እጅ የለም። ስለዚህ እርማቱ ከሩቁ ጫፍ ይሠራ፣ ቪቴው በመጨረሻ ይከተል።

የሚያስፈልገው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ባለቅጠል መለኪያ ነው፤ መካኒኮች ቫልቭ የሚያስተካክሉበት ፊለር ጌጅ። ጌጁን ከጠረጴዛው ጋር በሞርሴቶ (በመቆንጠጫ) ሰንጉት፣ እንዳይንሸራተት። አንድ ታኮ እንጨት በመደገፊያው ጀርባ አስጠግታችሁ ከጠረጴዛው ጋር እሰሩት። ጫፉ ወደፊት የሚገፋ ከሆነ ታኮው መደገፊያውን ነክቶ ይታሰር፤ ከዚያ እጀታውን አላሉ፣ 0.10 ቅጠሉን በታኮውና በመደገፊያው መሐል አስገቡ፣ መደገፊያውን ቅጠሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ አጥብቁ። ወደ ኋላ የሚጎተት ከሆነ በተቃራኒው፤ ታኮው ሲታሰር ቅጠሉ መሐል ላይ ይሁን፣ ከዚያ ቅጠሉ ይውጣ፣ እጀታው ይላላ፣ መደገፊያው ታኮውን እስኪነካ ይመለስ። ጠረጴዛችሁ 250 ሚሜ የማያደርስ ከሆነ በ125 ሚሜ ላይ 0.05 ቅጠል ተጠቀሙ።

እጀታውን ስታጠብቁ ተጠንቀቁ። በርካሽ ጌጅ ላይ እጀታው ሲጠብቅ ራሱን ይዞት ይዞራል፤ በደንብ የተለካ ማዕዘን በመጨረሻው ሩብ ዙር ይጠፋል። በእጀታው ሥር የናይለን ሮንዴላ ጨምሩ፣ የብረቱንም ፊት በጥቂት ግራሶ ቅቡት። በሌላኛው እጅ መደገፊያውን ታኮው ላይ ጫን አድርጉ።

ፈተናውን በዚያው ሰሌዳ ድገሙት፤ ሰሌዳው ቢያንስም ርዝመቱን እንደገና ለክታችሁ ስሌቱ ውስጥ አስገቡ። በ300 ሚሜ ላይ የሀና የለ ልዩነት ከ0.15 በታች ሲሆን አቁሙ። ከዚያ በታች ለመውረድ መሞከር የኤምዲኤፉን ጠርዝ መለካት እንጂ ጌጁን ማስተካከል አይደለም።

አሁን ማቆሚያ ቪቴውን አምጥታችሁ ማቆሚያውን እንዲነካ አድርጉ፣ ቪቴው እንዳይዞር በካቻቪቴ ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ክሩ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብታ ብታደርጉ በንዝረት አይላላም። ትክክለኛው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ራሱን ወደ አርባ አምስት አዙሩት፣ ወደ ዜሮ መልሱት፣ እንደገና አምስት ቆረጣ አድርጉ። ውጤቱ ካልተለወጠ ጌጁ ተስተካክሏል። በጣም ከተለወጠ ማቆሚያው ራሱ ልል ነው፤ ያ ጌጅ በዘጠና ላይ ታስሮ ለዘጠና ብቻ ቢያገለግል ይሻላል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጠቋሚ ወደ ዜሮ ማምጣት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ጠቋሚው ልክ የሚሆነው ከቆረጣው ነው እንጂ ቆረጣው ከጠቋሚው አይደለም።

አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ዕቃው ደካማ ነው፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገር። አንድ ፍሬም ስምንት ቆረጣ አለው። በእያንዳንዱ ላይ 0.1 ዲግሪ ስህተት ቢኖር መጨረሻው ማዕዘን ላይ 0.8 ዲግሪ ይሆናል። 60 ሚሜ ስፋት ባለው ፍሬም ላይ ይህ ወደ 1.2 ሚሜ የሚጠጋ ክፍተት ነው፤ በስቱኮ የሚደፈን፣ ግን ቫርኒሽ ሲነካው የሚታይ። ለመፈተን ሁለት ቁራጭ ቁረጡና በተፈተነ ስኳድራ ውስጥ ግጠሟቸው። ክፍተቱ በውስጠኛው ማዕዘን ከሆነ ራሱ ከ45 አልፎ ዞሯል፣ ትንሽ ይመለስ። ክፍተቱ በውጭ በኩል ከሆነ ገና አልደረሰም። በዚህ ማዕዘን ዲስኩ እንጨቱን በመደገፊያው ላይ ያንሸራትተዋል፤ ብርጭቆ ወረቀቱ የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ በተጨማሪም እንጨቱ በሞርሴቶ ይያዝ። ዲስኩ የደነዘዘ ከሆነ ምንም አያድንም። ለተሻጋሪ ቆረጣ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለው ዲስክ ይግባ፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ባለ24 ለመሰንጠቅ፣ ባለ40 ደግሞ ለሁሉም ዓይነት ሥራ የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የማዕዘን ሳይሆን የርዝመት ነው፤ ትይዩ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ ፍጹም ቢሆንም ፍሬሙ አይዘጋም። መደገፊያው ላይ ታኮ እሰሩና ሁለቱን ጥንድ በዚያ ልክ ቁረጡ። ለዚህ ብላችሁ የርዝመት መሰንጠቂያውን ፌንስ እንደ ማቆሚያ አትጠቀሙበት፤ በዲስኩና በፌንሱ መሐል የተያዘ ቁራጭ ወደ ሰው ይወረወራል።

በጌጁ ላይ የሚላከክ ነገር ግን የጌጁ ያልሆነ አንድ ጉዳይ አለ፣ ለዚህ አካባቢ በተለይ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ቀዝቃዛና ክረምቷ እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርዳል፣ አየሩም ይሞቃል። ሐምሌ ላይ ደሴ የተቆረጠ፣ በደንብ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ፍሬም ኮምቦልቻ ቤት ውስጥ ሲገባ ይደርቃል። እንጨት ደግሞ በስፋቱ ይኮማተራል እንጂ በርዝመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል። 60 ሚሜው 2 ሚሜ ብቻ ቢቀንስ አርባ አምስት የነበረው ቆረጣ ወደ 44 ይወርዳል፣ በውስጠኛው ማዕዘን 2.8 ሚሜ ያህል ክፍተት ይከፈታል። ቅድም ካሰላነው የጌጅ ስህተት ከእጥፍ በላይ ነው። ሲቆረጥ ተዘግቶ ከወራት በኋላ ከውስጥ የተከፈተ ፍሬም የእንጨት እርጥበት ጉዳይ ነው፤ ለደንበኛ ከመቆረጡ በፊት እንጨቱ በሚገጠምበት ከተማ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይቆይ።

ስለ ውጭዎቹ ጌጆች። ዘመድ ከውጭ የሚልክላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሁለት ነው፤ ኢንክራ ቪ27 እና የክሬግ ጌጅ። ኢንክራው በየ5 ዲግሪው፣ በተጨማሪም በ22.5 ላይ በግራም በቀኝም እስከ 60 የሚደርሱ 27 የማቆሚያ ቦታዎች አሉት፤ ራሱ በጥርስ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆም ማዕዘን ቀያይሮ መመለስ ችግር የለበትም። ዘንጉም በውስጡ በሚሰፉ ማስተካከያዎች ቦዩን ይሞላል፣ ቡሊኖ አያስፈልግም። የክሬጉ ከረጅም የአሉሚኒየም መደገፊያና ከሚታጠፍ የርዝመት ማቆሚያ ጋር ይመጣል፤ ተመሳሳይ ርዝመት በብዛት ለሚቆርጥ ይህ ማቆሚያ ብቻውን ዋጋ አለው። ስምንት ጎን ጠረጴዛ፣ ባለስድስት ጎን መደርደሪያ፣ ፍሬም በየቀኑ የሚሠራ ቤት ቢገዛ አይቆጭም። በርና ካቢኔት የሚሠራ ግን ገንዘቡን ለጥሩ ባለ80 ጥርስ ዲስክ ያውለው። የውጭ ጌጅም ቢሆን ከካርቶን ወጥቶ በቀጥታ አይታመንም፤ ያው አምስት ቆረጣ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በቦዩ ላይ የሚንሸራተት የመቁረጫ ሰሌዳ በራስ መሥራት። 12 ሚሜ ኮምፔርሳቶ መሠረት፣ ከሥሩ ሁለት የደረቀ የወይራ ዘንግ፣ ከኋላ አንድ ወፍራም መደገፊያ። ሁለቱንም ቦይ ስለሚይዝ አይላወስም፣ ሰፊ የቁምሳጥን ጎንም ያለ ችግር ይሸከማል። መደገፊያው በአንድ ጫፍ በአንድ ቪቴ ተይዞ በሌላው ጫፍ በዚያው የፊለር ቅጠል ይስተካከላል። ለዘጠና ዲግሪ ከሦስቱም የምንመርጠው ይህን ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው ጌጅ ግን ትንንሽ ቁራጮችን ለመቁረጥና ለሰያፍ ቆረጣ ከጎኑ ይቀመጥ።

ስታስቀምጡትም በመደገፊያው ጣውላ ላይ አታስተኙት፣ በሱ ላይም ዕቃ አትደርድሩ፤ ከዘንጉ ጫፍ ባለ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ቦዩን ከየቀኑ ሥራ በኋላ በብሩሽ ጥረጉ፣ ዘንጉን በሻማ ሰም አሹት እንጂ ዘይት አትቀቡት፤ ዘይት ሰጋቱራ ይሰበስባል፣ እንጨቱንም ቀለም እንዳይዝ ያደርገዋል። ማሽኑ በመኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሳይት ከተጫነ፣ ጌጁ ከወደቀ ወይም መደገፊያው ከተቀየረ አምስቱን ቆረጣ ከሥራ በፊት ድገሙት።